ከሥር የታየች ትራንዚስተር

ሰኞ፣ የካቲት 2

ከዛሬ ጀምሮ ስዕል ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ሰብስቦ ነገረን። ወርክሾፓችን ለክሊኒኮች የክትባት ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው የሚሠራው። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ ሰርኪዩት መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሳላል፤ ከዚያ ነው ወደ ቦርድ የሚሄደው። ከእንግዲህ በኮድ ይጻፋል። የዚህን ዕቃ አንደኛ እግር ከዚያኛው ሦስተኛ እግር ጋር አገናኝ ብሎ መጻፍ ነው፤ መስመሩን ኮምፒውተሩ ራሱ ያስኬደዋል። አንድ ጊዜ የጻፉትን ክፍል ደግሞ መቶ ቦታ በስሙ እየጠሩ ማስገባት ይቻላል። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን የድሮ ስዕሎች ወደ ኮድ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ይህን ደብተር የጀመርኩትም በየቀኑ ስንት እንደጨረስኩ ልመዘግብበት ነው።

ስዕሎቹ በሙሉ የጋሼ ናቸው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝም እሳቸው። እዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስለዋል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያወርዱ ሠራተኛው "ጋሼ መስመር" ይላቸዋል። እኔን "ፊውዝ" ነው የሚሉኝ፤ ቶሎ ስለምቃጠል።

ስብሰባው ላይ ጋሼ እጃቸውን አወጡና ወደ እኔ ዞረው፣ "ሰርኪዩት እንደ ደብዳቤ ሊጻፍ ነው? 'ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል' ብለሽ ነው የምትጀምሪው?" አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን ከንክኖኛል። በሰው ፊት ባያቃልሉኝ ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ የካቲት 4

አምስት ወረቀት። ስምንት ነበር ያሰብኩት።

ወረቀቶቹ ያምራሉ፤ አይካድም። ሁለት መስመር ሳይነካካ እንዲተላለፍ ጋሼ ትንሽ ድልድይ ይሠሩለታል። ከአንዳንዷ ባለ ሦስት የሽቦ እግር ትራንዚስተር ሥር ደግሞ በስሱ እርሳስ የተሳለች፣ ቅንድብ ያላት ትንሽ ዓይን አለች። ልጅ ሆኜ ስለዚህች ዓይን የሆነ ነገር ነግረውኝ ነበር። ኮዱ ስለ ዓይን አይጠይቅም። የዕቃውን ስም፣ የእግሩን ቁጥር፣ ከምን ጋር እንደሚገናኝ፤ በቃ። ዘልያት አለፍኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ጋሼ ጠረጴዛ ዘንድ ሄድኩ። የአንዷ ሬዚስተር ቁጥር ደብዝዞ ነው፤ አራት ነው ዘጠኝ? መልሱ አንድ ቃል ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሬዚስተሯ ለምን እንደገባች፣ ከእሷ በፊት ማን እንደነበረች፣ የድሮው መሐንዲስ ምን ብሎ እንደተከራከራቸው፣ እሳቸው ምን ብለው እንደረቱት። "መስመሩን ስታወርጂው እኮ እጅሽ ያስባል። አንቺ ይሄን ቁልፍ ስትቀጠቅጪው ግን ማን ነው የሚያስበው?" አሉኝ። ቆሽቴ አረረ። የቀኑ ሥራ ሦስት ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ከእንግዲህ አልጠይቅም። የወረቀቱን እንደ ወረቀቱ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዘጠኝ ወረቀት! ራስ ምታት። ምሳ አልበላሁም።

ጋሼ ከጠረጴዛቸው አጠገብ ሁለተኛ ወንበር አምጥተዋል። ጠዋት በመሃረባቸው ሲወለውሉት አይቻለሁ። ለእኔ መሆኑ አልገባኝም አልልም። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"ጥያቄ የለሽም?"

"የለኝም ጋሼ። ሁሉም ግልጽ ነው።"

"ግልጽ ከሆነ ጥሩ ነው" አሉና ትንሽ ቆመው ተመለሱ።

እሑድ፣ የካቲት 15

ምሳ ጋሼ ቤት በላሁ። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላት። ወደ ጓዳ ሳብ አድርጋ ወሰደችኝና፣ "ምን ሆናችኋል? ድሮ እዚህ ቤት ስትመጡ ስለ ሽቦ እያወራችሁ ወጡን ታስቀዘቅዙብኝ ነበር። አሁን ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብለሽ ትበያለሽ። እኔ ስለዚያ እግር ስላለው ዕቃ ምን ብዬ ላውራው?" አለችኝ።

ሥራ በዝቶ ነው አልኳት።

ጋሼ የሚያበሽቁኝ በእርግጠኝነታቸው ነው። "ልሳሳት እችላለሁ" ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ስንሄድ መንገድ ጠፋብንና ሁለት ሰዓት ዞርን፤ በመጨረሻ መንገዱን ያዛወሩት ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ ብለው አረፉት። እትዬ ዛሬም ይህን እያነሳች ትስቅባቸዋለች።

ደግሞ ሐቁን ልጻፍ። እናቴ በሞተች ሰሞን የሚያባብለኝ ሁሉ አይዞሽ እያለ ያለቅስ ነበር። ጋሼ ብቻ ቁጭ አድርገው፣ "ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ። በስድስት ሰዓት ትመለሻለሽ። ምሳ ይጠብቅሻል። ከምሳ በኋላ እኔ ሬዲዮ ስፈታ መብራት ትይዥልኛለሽ" አሉኝ። ልክ እንዳሉት ሆነ። በማግስቱም ሆነ። ለቅሶዬን ያቆምኩት ያኔ ነው። እኚህ ሰው አይሳሳቱም ብዬ እኮ ነው በእግሬ የቆምኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ሩጫ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሦስት መቶ ቦርድ። ሥራ አስኪያጁ በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ ይላል። "ደረሰ? ደረሰ?" እንደ ሕፃን።

ናሙናውን በአምስት ቮልት ሞከርኩት። በራ። እልል አልኩ ማለት ይቻላል። በሙሉ ሃያ አራት ቮልት ሰኞ እሞክረዋለሁ ብዬ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 30

ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ዓርብ ዕለት ለቦርድ አምራቹ ልኮታል። ሳይነግረኝ። "በርቷል አላልሽም እንዴ?" አለኝ። በርቷል ብያለሁ፤ አልዋሽም። በሃያ አራት ቮልት ገና አልሞከርኩም አላልኩትም።

ጋሼ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ፣ "የኃይሉ ክፍል ከየትኛው ወረቀት ነው የተወሰደው?" አሉኝ። ከሰማንያ ሰባት ቁጥር አልኳቸው። "እሱ ጥሩ ነው። እሱን በደንብ ነው የሠራሁት" አሉ፤ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት። ጉድ ፈልቷል።

ሰማንያ ቦርድ ተገጣጥሞ ሃያ አራት ቮልት ተለቀቀበት። ገጣጣሚዋ ከወዲያኛው ክፍል፣ "ፊውዝ! ኧረ ድረሽ! ይሸታል!" ብላ ጮኸች። ስደርስ ጭሱ ጣሪያ ነክቷል። የኤሌክትሪኩ ማቋረጫ ጋ ቀድማኝ ደርሳ አጥፍታዋለች። ጣቷን አንዱ ቦርድ ላይ አሳርፋ ተቃጥላለች።

ከሰዓት። በቴስተር ለካሁ። በሁሉም ላይ የጋለችው ያቺው አንዲት ዓይነት ትራንዚስተር ናት። ኮዱ ላይ አንድ ጊዜ ነው የጻፍኳት፤ በየቦርዱ አራት ቦታ ትጠራለች። አራት ጊዜ ሦስት መቶ። ግራና ቀኝ እግሯ ተገለባብጧል። በአነስተኛ ቮልት ተገልብጣም እያነከሰች ትሠራለች፤ ለዚህ ነው ናሙናው የበራው። ሙሉ ኃይል ሲመጣባት ነው የምትቃጠለው።

ሰማንያ ሰባት ቁጥርን ከካቢኔው አውጥቼ አየሁት። እንዳለ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንደተሳለው፣ እንዳለ።

ዋናውን ወረቀት ቤት ይዤው መጣሁ። በዚህ ግርግር መሃል ቢጠፋስ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ስብሰባው አልቆ ነው የምጽፈው። መታጠቢያ ቤት ሆኜ።

ሥራ አስኪያጁ የሰማንያ ሰባት ቁጥርን የስካነር ቅጂ ግድግዳው ላይ አበራው። "ይሄ ነው ስዕሉ?" አለኝ።

"ይሄ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት።"

ቃል በቃል እውነት ነው።

ሁሉም ዞሮ ጋሼን አየ። ተነሥተው ግድግዳው ጋ ሄዱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። በጣታቸው እግሮቿን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን እጃቸው ላይ ስለወደቀ ስዕላቸው እጃቸው ላይ ነበር የሚታየው። ቅጂው ላይ ስሱ እርሳስ አልወጣም። መስመሮቹ ብቻ ናቸው ያሉት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል" አሉ። "ከላይ አይቼ ነው የሳልኳት ወይስ... እንዲህ ሆና መሳል አልነበረባትም።" ገጣጣሚዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ፣ "እንግዲህ ልሳሳት እችላለሁ" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ፣ "ምንም አይደል ጋሼ፤ ሰው አይደለን እንዴ" አላቸው። ክሊኒኮቹ ሦስት ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ቦርዱ እንደገና ይሠራል። በቃ፣ በዚህ ተዘጋ።

ምላሴ ተሳስሮ ነው እንጂ ልናገር ነበር። ምን ብዬ? ገና በደንብ አላጣራሁም እኮ።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ዓይኗ ምን ማለት እንደሆነች አስታወስኩ።

"ከሥር" ማለት ናት። ጋሼ የጥንት ሰው ናቸው፤ በእነሱ ጊዜ የሚበይደው ሰው ቦርዱን ገልብጦ ከእግሮቹ በኩል ስለሚያየው አንዳንዷን ዕቃ ከሥር እንደምትታይ አድርገው ይስሏት ነበር። ከላይ ስታያት ደግሞ ግራዋ ቀኝ፣ ቀኟ ግራ ነው። መዳፍን አይቶ ከዚያ እጅን መገልበጥ ነው፤ አውራ ጣት ጎን ይቀይራል። በያጁ እንዳይሳሳት ብለው ነው ዓይኗን የሚስሉት። ኮዴ ሁሉንም ከላይ ነው የሚያየው። ስዕሉ ትክክል ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር ሲነግሩኝ። አልገባኝ ሲል ወረቀቱን ትተው፣ ከእነ ሱሪያቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ከዚያ ሆነው ወደ ላይ እያዩኝ፣ "አሁን የቱ ነው ቀኝ እጅሽ? እኔ ከዚህ ሳይሽ የቱ ነው?" አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ። እትዬ ሱሪያቸው ቆሸሸ ብላ ጮኸችባቸው። ይህ እንዴት ይረሳል?

አልረሳሁትም። ማለት፣ ረስቼው ነበርና በኋላ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ፣ ወረቀቱን ይዤ ቤት ስሄድ ነው ትዝ ያለኝ። ትዝ ያለኝ መሰለኝ። እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው ረቡዕ ያልተናገርኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ጋሼ ካቢኔው ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ አውጥተው በአጉሊ መነጽር ከመጀመሪያው እያዩ ነው። ሌላም ስሕተት ሠርቼ ይሆናል ብለው። እስከ ምሳ አንድም አላገኙም። ሆኖም በየወረቀቱ ጥግ በቀይ ጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ። ሰማንያ ሰባትን ሲያጡት እኔ ጋ መጥተው ጠየቁኝ።

"ለምርመራ ተወስዷል" አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

"ጥሩ" አሉ። "ቢመረመር ነው የሚሻለው።"

ሻይ ልቀዳ ስሄድ ገጣጣሚዋ ለጓደኛዋ፣ "ምስኪን፣ ደክመዋል እኮ። በጊዜ ቢያርፉ ምን ነበረበት? አሁን የሠሩት ሁሉ በዚች ሊታወስ ነው" ትላለች። ሲያዩኝ ወሬ ቀየሩ። ጋሼ ዘመዴ ስለሆኑ አዝነውልኝ ነው። ሻዬን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ዛሬ እነግራለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። የምለውን እንኳ በመንገድ እያጠናሁ።

ሥራ አስኪያጁ ግን በር ላይ ጠብቆኝ፣ "አዲሱ ናሙና በሙሉ ቮልት ሁለት ቀን ሠርቷል! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?" አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት። አጨበጨቡልኝ።

ነገ።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ሰኞ ይሻላል። ዓርብ ቀን ሰው ልቡ ቤቱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ጋሼ ሥራ ለቀቁ።

ደብዳቤያቸውን ሥራ አስኪያጁ አነበበልን። "ዓይኔም እጄም አላስተማምን ስላሉኝ" ይላል። ሌላ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ምስጋና። ባልደረቦቹ ኬክ ገዝተው ነበር። ጋሼ ኬኩን ይቁረጡ ሲባሉ ቢላዋውን ይዘው ቆዩና፣ "ከየት በኩል?" ብለው ጠየቁ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ የቆምኩት ቅርብ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ሲወጡ አቅፈውኝ በጆሮዬ፣ "አንቺን ስላጋለጥኩሽ ይቅርታ" አሉኝ።

ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ሰሃን አጠብኩ፣ ልብስ አጠፍኩ፣ ተመልሼ መጣሁ። አሁንም እዚያው ተጽፎ አለ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ ደወልኩ። እትዬ ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"የጎረቤት ሬዲዮ መጥቶለት ነበር። ድሮ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ የሚፈታው ሰው! ከፈተው፣ ውስጡን አየ አየና መልሶ ዘጋው። 'ሌላ ሰው ያሳዩት' ብሎ መለሰው። አንቺ ልጅ፣ ምን ተደርጎ ነው? እንዲህ የሚያደርግ ምን ስሕተት ነው?"

"ትንሽ ስሕተት ናት እትዬ።"

"ትንሽ ከሆነች ንገሪው እንጂ! አንቺን ይሰማሻል።"

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ተናገርኩ። ለሥራ አስኪያጁ። ሁሉንም፤ ዓይኗን፣ ወረቀቱን ቤት መውሰዴን፣ ሁሉንም።

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጮኸብኝ! እንዲያው ግንባሩን አሻሽቶ፣ "አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?" አለኝ። "ጋሼ በክብር ወጥተዋል። ደንበኛው ምክንያቱን ተቀብሏል። አንቺ ብትወጪብኝ ደግሞ ይሄን ኮድ የሚያውቅ ሰው የለኝም። ፋይሉን አስተካክለሻል አይደል?"

አስተካክያለሁ። ሁለት ቁጥር ነው ያቀያየርኩት፤ የአንደኛውን እግርና የሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ በየቦርዱ አራቱም ቦታ ራሱን አስተካከለ። ጋሼ ይሄን ቢያዩ ይገረሙ ነበር። ምናልባትም ይወዱት ነበር፤ አስቀምጬ ላሳያቸው አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም።

"ለጋሼ እኔው እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"እንደ ፈቃድሽ። እኔ ግን ስብሰባ አልጠራም" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ከጋሼ ቤት እንደተመለስኩ ነው። ገና ቀን ነው፤ መጋረጃውን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ሰማንያ ሰባት ቁጥርን በፕላስቲክ ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ወንበራቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ። እጃቸው ሥራ ፈቶ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ "ጋሼ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። እርሶ አልተሳሳቱም። ከሥር ነው የሳሏት፤ ምልክትም አድርገውላት ነበር። ይቺትና ዓይኗ። እኔ ነኝ የዘለልኳት" አልኳቸው። አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈራሁት ነገር!

ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ፤ ገባቸው አልኩ።

"ቅንድቧን እንኳ አልረሳሽም" አሉኝ።

"ምን አሉ?"

"ልጅ ሆነሽ እኮ ከእኔ አስበልጠሽ ታሳምሪያት ነበር። በየደብተርሽ ጥግ። አንቺ ነሽ የሳልሻት አይደል? ለእኔ ብለሽ።"

"ጋሼ ምን ብዬ ልማል? የእርሶ ነች! የራስዎ እጅ ነው!"

"እኔ ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ ልጄ። አልነበረችም። ቀርቤ ነው ያየሁት።"

ቅጂውን የሚያነሣው ማሽን ስሱን እርሳስ እንደሚስተው ነገርኳቸው። ሌላ ወረቀት አምጥቼ ላሳያቸው እችላለሁ አልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ልክ እኔ በእሳቸው ወሬ መሃል እንደምነቀንቀው። ስጨርስ፣ "ታዲያ ይሄ ወረቀት እስካሁን የት ነበር?" አሉ።

"እኔ ቤት።"

"አየሽ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ያዘኑልኝ ነው የሚመስለው።

ጮህኩ። ሠፈሩ እስኪሰማ ነው የጮህኩት። ደብቄው ነው፣ አውቄ ነው፣ ማክሰኞ ትዝ ብሎኛል ረቡዕ ዝም ብያለሁ፣ እያልኩ። በዚህ ደብተር እንኳ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩትም ነበር። ጋሼ እጄን ይዘው፣ "እሺ፣ እሺ ልጄ" ይሉኛል። እንደ ሕፃን። "ለእኔ ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ። እኔ እርጅናዬን ተቀብያለሁ። አንቺ መልካም ልጅ ነሽ።"

እትዬ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እሷ አምናኛለች። በዓይኗ አይቼዋለሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ አልሰደበችኝም፣ አልሳመችኝምም። "ተይው አሁን። በተነሣ ቁጥር ነው የሚብስበት" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ሌላ ሰው ቢነግራቸውስ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። ደወለላቸው። እሳቸውም፣ "ልጅቷ ናት ደውል ያለችህ አይደል? አትጨነቁልኝ" ብለው አመስግነው ዘጉበት።

ሥራ የለም ዛሬ። ማለት፣ አለ። አልሠራሁም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

እትዬ ደወለች። "ነይ፣ ይፈልግሻል።" እየሮጥኩ ሄድኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ አስታውሰዋል፣ አምነዋል፣ የሆነ ነገር።

ጋሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የውሃ ማፍያው ሶኬት ተሰብሮ አዲስ ገዝተዋል። ክዳኑን ፈትተዋል፤ ሦስቱን ሽቦዎች ልጠው፣ ጫፋቸውን ጠምዝዘው አስተካክለዋል፤ እንደ ድሮው ንጹሕ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው እኔን ይጠብቃሉ።

"ይሄን ለመግጠም ነው የጠሩኝ?" አልኩ።

"እኔው እገጥመዋለሁ። ብቻ የቱ የት እንደሚገባ አንቺ ንገሪኝ" አሉ። ዊንታውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። "አውቀው ነበር። ግን እትዬሽ ናት በእጇ የምትይዘው። ልሳሳት እችላለሁ።"

እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ቡናማው በቀኝ ነው ጋሼ" አልኩ። ቡናማውን በቀኝ አስገቡ፤ ቀና ብለው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ አጠበቁት። "ሰማያዊው በግራ።" አስገቡ፤ አዩኝ። ነቀነቅሁ። ሦስተኛውን ሳልነግራቸው ያስገቡታል ብዬ ጠበቅሁ፤ የቀረው ቀዳዳ አንድ ነው፣ የቀረው ሽቦም አንድ ነው። ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ፣ እስክነግራቸው ጠበቁ።